መልስ፦ የቻተም አደባባይ ጣቢያ የት ሄደ?

ወንድሜ፣ በድሮ ፎቶ ላይ ኒውዮርክ ቻይናታውን ውስጥ ከመንገዱ በላይ የሚታየው የባቡር ጣቢያ የት እንደገባ ጠይቀሃል። ፈርሷል።

የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ጎዳና መስመሮች የሚገናኙት እዚያ ነበር። መጀመሪያ ላይ ባቡሮቹ በእንፋሎት ነበር የሚሄዱት። ጭሱ አያድርስ ነው፤ ፍምና ዘይት እታች መንገደኛው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በኋላ ኤሌክትሪክ ገባ።

የሁለተኛው ጎዳና መስመር በ1942 ቆመ። የሦስተኛው ደግሞ ማንሃተን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1955 የመጨረሻ ጉዞውን አደረገ፤ ብረቱም ተነቃቅሎ ተወሰደ። መንገዱ ብርሃን አገኘ፣ ሰፈሩ ግን ባቡር አጣ። መተኪያው ሳይሠራ ማፍረሳቸው በጣም ያናድዳል። ቃል የተገባው የሁለተኛ ጎዳና ምድር ውስጥ ባቡር የመጀመሪያ ክፍሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያውም ከከተማው በላይኛው በኩል። ቻተም አደባባይ በዕቅዱ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ነው ያለው።