ብቅሉ ለምን ሞቀ?

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የጎረቤቴ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ መኝታ ቤት አበባ ማሳደር ሰው ያፍናል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። አያፍንም አልኩት። አጠገብህ የሚተኛው ወንድምህ ከአበባው እጅግ የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ታክሲው መጣና ሄደ። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ አንዲት ተማሪዬን እያሰብኩ ነበር።

ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። «ተክል ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ማታ ሬስፒሬሽን ያካሂዳል» ብዬ አስተምር ነበር። ፎቶሲንተሲስ በብርሃን ምግብ መሥራት፣ ሬስፒሬሽን መተንፈስ ማለት ነው። ፈተና ላይ «ተክሎች መቼ ይተነፍሳሉ?» አልኩ፤ ሁለት ማርክ። «ቀንም ማታም» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩባት።

በእረፍት ሰዓት ወረቀቷን ይዛ መጣች። እናቷ ጠላ ጠምቀው ነው የሚያሳድጓት። «ቲቸር፣ እማዬ ገብሱን ነክራ በኮባ ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበታለች። ቀንም እጄን ስከተው ይሞቃል። ካልተነፈሰ ሙቀቱ ከየት መጣ?» አለችኝ። ጓደኞቿ ቆመው ያዩናል። መልስ አልነበረኝም። «ደብተርሽን አንብቢ!» አልኳት። ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች። ዓመቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም።

ልክ ነበረች። ሬስፒሬሽን ሴል ስኳርን በኦክስጅን ሰባብሮ ጉልበት የሚያገኝበት ሥራ ነው። አብዛኛው ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሴሉ ጉልበት ማመንጫ ውስጥ ይካሄዳል፤ ከጉልበቱ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብቅሉ ገና ቅጠል የለውም፣ ያጠራቀመውን ስታርች ነው የሚበላው። ያደገ ተክልም ቢሆን ቀን መተንፈሱን አያቆምም። ብርሃን ሲኖር ፎቶሲንተሲሱ ስለሚበልጥ ነው ኦክስጅን ሲያወጣ ብቻ የምናየው። ኢንገንሀውስ የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም በ1779 እ.ኤ.አ. ተክሎች አየር የሚያጠሩት በብርሃን፣ በአረንጓዴ ክፍላቸው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ማታ ግን አየሩን ያበላሻሉ አለ። እኔ «ማታ» የምትለዋን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

እኔ ራሴ ሴል በዓይኔ ያየሁት እዚሁ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ነው። የሽንኩርት ስስ ልጣጭ በአዮዲን ነክረን። እንደ ጡብ ግንብ ተደርድሮ ሳየው ምሳዬን ረሳሁ። የዛሬ ልጆች ግን በቴሌግራም በሚላክ ሾርት ኖት ትረካላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ትርጉም አትሸምድዱ። የኦስሞሲስን፣ ማለትም ውኃ በስስ ሽፋን አልፎ የተሟሟ ነገር ወደሚበዛበት የመሄዱን፣ ትርጉም ግን ሸምድዱት፤ እሱን ሳይዙ ሥር ውኃ እንዴት እንደሚስብ አይገባም።

ያቺ ልጅ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ሁለት ማርክሽ እኔ ጋ አለ።