ከባዱ ጋሌና ለምን ይንሳፈፋል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። እርሳስ የሚወጣበት ጋሌና ከውሃ ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል ቢከብድም ማዕድን ከተፈጨ ድንጋይ በሚለይበት የማበልጸጊያ ገንዳ ውስጥ ከአረፋ ጋር ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቀላሉ ኳርትዝ ግን ታች እንደሚቀር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «ዘይት ተቀብቶ ነው?» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ግምታቸው መሠረት አለው፤ የመጀመሪያዎቹ የአረፋ ማበልጸጊያ ዘዴዎች ዘይት ይጠቀሙ ነበር። ከ1920ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ዋናውን ሥራ የያዘው ዛንቴት የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ለአንድ ቶን ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ጥቂት አሥር ግራሞች ይበቃሉ። ይህን ያህል ትንሽ መጠን የሚበቃው ጉዳዩ የሚወሰነው በማዕድኑ ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው።

በጎመን ቅጠልና በንጹሕ መስታወት ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ያሳዩአቸው። በቅጠሉ ላይ ውሃው ተድቦልቡሎ ይንከባለላል፤ በመስታወቱ ላይ ግን ተዘርግቶ ይለጠፋል። ኳርትዝ እንደ መስታወቱ ነው፤ ውሃ ገጹን አጥብቆ ስለሚይዘው አረፋ ቢደርስበትም የሚጣበቅበት ቦታ አያገኝም። የዛንቴት ሞለኪውል ግን በአንድ ጫፉ ባለው ሰልፈር ከጋሌናው እርሳስ ጋር ይተሳሰርና ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራውን ጅራቱን ወደ ውሃው ያዞራል፤ ጋሌናው እንደ ጎመን ቅጠሉ ውሃ የማይረጥበው ይሆናል። ለዚህ ትስስር በውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ስለሚያስፈልግ፣ ወደ ገንዳው የሚነፋው አየር አረፋ ከመሥራትም ያለፈ ድርሻ አለው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አውስትራሊያዊው ኬሚስት ኢያን ዋርክ ከባልደረባው ጋር በ1930ዎቹ ያገኘው ውጤት ነው። ኤቲል ዛንቴት የተባለውን የዛንቴት ዓይነት በያዙ የተለያዩ የሰልፋይድ (እንደ ጋሌና ሰልፈር ያዘሉ) ማዕድናት ላይ አረፋው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን፣ ማዕድኑ ቢለዋወጥም፣ 60 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃው የሚነካው ጅራቱን እንጂ ማዕድኑን አይደለምና።

ክብደቱንስ? እዚህ ላይ ሰሌዳው ላይ ያስሉላቸው። ስፋቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ አረፋ፣ 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ የጋሌና ቅንጣት በይዘት 1,000 እጥፍ ይበልጣል። ቅንጣቷ በውሃ ውስጥ የሚቀራት ክብደት ከይዘቷ ጋር እኩል ከሆነ ውሃ ስድስት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሆነ፣ አንዱ አረፋ ከመቶ በላይ ቅንጣቶችን የማንሳት ኃይል አለው። ድንጋዩ ደቅቆ የሚፈጨውም በከፊል ለዚሁ ነው።

ክብደት መለያ መሆን ያቃተው ደግሞ በአውስትራሊያ ብሮክን ሂል ነው። የዚንኩ ማዕድን ስፋለራይት እዚያ አብረውት ካሉት ከሮዶናይትና ከጋርኔት ጋር በእፍጋት ስለሚቀራረብ፣ በውሃ አጥቦ መለየት አልተቻለም፤ ዚንክ ያዘለው ተረፈ ምርትም ተከምሮ ቆየ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአረፋው ዘዴ እስኪደርስለት ድረስ። ስፋለራይት በራሱ ዛንቴትን አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ በዛሬው አሠራር በመጀመሪያ ጋሌናው ይነሣል፤ ቀጥሎም የመዳብ ሰልፌት ሲጨመር የመዳብ አዮኖች በስፋለራይቱ ገጽ ላይ ያለውን ዚንክ ተክተው ይቀመጣሉ፤ ያን ጊዜ ዛንቴቱ የሚይዘው ዚንክን ሳይሆን መዳብን ነው፤ ስፋለራይቱም በተራው ከአረፋው ጋር ይወጣል።