«ወላጅ አምጣ» ከማለታችሁ በፊት፦ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተመደባችሁ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ወጣት መምህራን፣ የሥነ ልቦናና የሶሻል ወርክ ምሩቃን፤

የሥራ ዘመኔን በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ መጀመሪያ በመምህርነት ኋላም በምክር አገልግሎት አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እናንተ ሥራችሁን ስትጀምሩ ብዙ ሰው ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ፈተናና ስለ ክፍል አያያዝ ይመክራችኋል። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ትምህርት ቤቶቻችን የተማሪውን ቤተሰብ ስለሚያገኙበት መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ሕፃኑን ለመርዳት የምንደክመው ድካም ፍሬ የሚያፈራው ወይም ከንቱ የሚቀረው በአብዛኛው እዚህ ላይ እንደ ሆነ አምናለሁ።

በአገራችን የተማረ ሰው ሁሉ «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ትእዛዝ ያውቀዋል። ልጁ ያረፍዳል፣ ይረብሻል፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ ይመጣል፤ ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ይቀርብና ወላጁን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ክፍል እንዳይገባ ይደረጋል። ወላጅን መጥራት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጥሪው ሁልጊዜ የቅጣት ሲሆን፣ እናትና አባት የትምህርት ቤቱን ደጃፍ የሚረግጡት ለመወቀስ ብቻ ይሆናል። እናት ጉሊቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ወይም የቀን ሥራዋን ትታ፣ የዕለት ገቢዋን አጥታ ትመጣለች፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ሌሎች እየሰሙ የልጇ ጥፋት ይዘረዘርላታል፤ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ትጠይቃለች። ማታ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ልጁ ያውቀዋል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ልጅ የሰፈር ጎረምሳ ለምኖ ወይም ሳንቲም ከፍሎ «አጎቴ ነው» እያለ ይዞ የሚመጣው፤ ያ ልጅ ውሸታም ከመሆኑ ይልቅ የፈራ መሆኑ ቀድሞ ሊታያችሁ ይገባል።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። ይህን አክብራችሁ በእጃችሁ ልጅ አትመቱም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በቃላችሁ ልታስመቱት እንደምትችሉ አስቡ። ለወላጅ የምትናገሩት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማታ ወደ ቤት ይገባል፤ በድካምና በኑሮ ጭንቀት ላይ ሲደርስ ደግሞ ዱላ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት «ይህች እናት ይህን ሰምታ ምን ታደርግበታለች?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ ብትሉ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ወላጁን ችግር ሳይኖር ጥሩት። በመስከረም ምዝገባ ጊዜ፣ ገና ምንም ጥፋት ሳይመዘገብ፣ ስም ጠሪ የሆናችሁበትን ክፍል ወላጆች በትንሽ በትንሹ እየከፈላችሁ ተዋወቁ፤ ስልካቸውን፣ የሥራ ሰዓታቸውን፣ ልጁን በእውነት የሚያሳድገው ማን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ በማስታወሻችሁ ያዙ። በቅጹ ላይ «ወላጅ» ተብሎ የተጻፈው ስምና በየቀኑ ልጁን የሚያጥበው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ወላጅ ሲመጣ ወንበር ስጡት፤ በር ዝጉ። «እትዬ»፣ «እናቴ»፣ «አባቴ» በሉ፤ በዕድሜ ከእናንተ የሚበልጡ ናቸውና የተማራችሁ መሆናችሁ አንቱታን አያስቀርም። ከዚያም ስለ ልጁ ያያችሁትን አንድ መልካም ነገር በእውነት ተናገሩ፤ ፈጥራችሁ ሳይሆን ፈልጋችሁ። ብዙ እናቶች ከመምህር አፍ ስለ ልጃቸው መልካም ነገር ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ሆኖ አይቻለሁ። የልባቸውን የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት አያት ትዝ ይሉኛል። የልጅ ልጃቸው የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጎበዝ የነበረች፣ ከጥር ጀምሮ ደብተሯን መክፈት ያቆመች ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ተጠርተው አልመጡም ነበር፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ደብዳቤውን የሚያነብላቸው ያቺው ልጅ ናት። በስልክ ተጠርተው ሲመጡ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ለመቀመጥ እንኳ ፈሩ። ቡና አፍልተን ትንሽ ከተጨዋወትን በኋላ የልጅቱ እናት ቤሩት በሰው ቤት እንደምትሠራ፣ አሠሪዎቿ ስልኳን ከወሰዱባት ወራት እንዳለፉና ድምጿ እንደ ጠፋ ነገሩን። ልጅቱ እናቷ እንደ ሞተች ገምታ ኖሯል፤ ለአያቷ ግን አልተናገረችም፤ አያትየውም በበኩላቸው እንዳትጨነቅ ብለው ነገሩን ደብቀዋታል። ሁለቱ በአንድ አልጋ እየተኙ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ያለቅሱ ነበር። ትምህርት ቤቱ እናቲቱን ከቤሩት ሊያመጣት አይችልም። ያደረግነው ትንሽ ነው፦ አያትና ልጅ በምክር ክፍሉ ተቀምጠው እውነቱን እንዲነጋገሩ ረዳን፤ ስም ጠሪዋ መምህርት በየሳምንቱ ዓርብ አሥር ደቂቃ ለልጅቱ ሰጠቻት፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል እንዲቀርብ አያትየውን ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይዞ ከሚሄድ ሰው ጋር አገናኘን። እናትየው በኋላ በሌላ ሰው ስልክ በኢሞ ደወለች። ልጅቱ ግን ደብተሯን መክፈት የጀመረችው ከዚያ በፊት ነው፤ ዝምታው በተሰበረበት ሳምንት።

ዛሬ ወደ አረብ አገር የሄዱ እናቶች ልጆች የሌሉበት የከተማ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው። እነዚህ ልጆች አዲስ ጫማ ስላላቸው ችግር ያለባቸው አይመስሉም።

ሁለተኛው ነገር ማየት ነው። የምክር አገልግሎት ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ ልጅ በራሱ እግር መጥቶ ችግሩን እንዲነግራችሁ አትጠብቁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ችግሩን በቃል አያውቀውም። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከእናንተ ይልቅ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ የጥበቃ ሠራተኛው ማን ጠዋት በሩ ሳይከፈት እንደሚደርስና ማን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት መሄድ እንደማይፈልግ ያውቃል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ማን መጸዳጃ ቤት ተደብቆ እንደሚያለቅስ ታውቃለች። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ አስተዳደሩ የሚካሄደው የተማሪዎች ምገባ ብዙ ጥቅም አለው፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወድለት መጋቢ እናቶችን ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ማምጣቱን ነው። አንዲት መጋቢ እናት አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን በየቀኑ ቦርሳው ውስጥ እንደሚከት አይታ ነገረችን። ለታናሽ ወንድሙ ነበር የሚወስድለት፤ እናታቸው ታማ ከተኛች ሰንብታለች። ወንድምየው አራት ዓመት ሞልቶት ስለነበር በዚያው ግቢ ቅድመ አንደኛ ክፍል ተመዘገበና እሱም በምገባው ተካተተ፤ እናቲቱንም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቷ ድረስ ሄዳ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ይህ ሁሉ የሆነው መጋቢዋ እናት የምትናገርለት ሰው ስላገኘች ነው። እነዚህን ሰዎች በስማቸው ጥሯቸው፤ ሰላም በሏቸው፤ የሚነግሯችሁንም አክብራችሁ ስሙ።

ስለ እርዳታ አሰጣጥ አንድ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ደብተር፣ ዩኒፎርም ወይም ጫማ የሚሰጥ በጎ አድራጊ ሲመጣ፣ ሕፃናቱን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ «ችግረኛ ተማሪዎች» እያላችሁ ስማቸውን እየጠራችሁ አታሰልፉ፤ ደብተር አስይዛችሁም ፎቶ አታስነሱ። ሰጪው ማስረጃ ይፈልግ ይሆናል፤ የፈረመ ወላጅ ዝርዝርና ደረሰኝ ይበቃዋል። የሰው ገበና በእጃችሁ ነው ያለው፤ ልጁ ያን ጫማ አድርጎ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ከየት እንዳመጣው ክፍሉ ሁሉ ማወቅ የለበትም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተማሪን ቤት ወሬ የሚያወራ ባልደረባ ቢኖራችሁ፣ ጨዋታውን ለማስቀየር አትፈሩ።

ምስጢር መጠበቅ ግን ወሰን አለው፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ እወቁት። ሕፃኗ በቤቷ፣ በሰፈሯ ወይም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ጥቃት እንደ ደረሰባት ብትነግራችሁ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡላት፤ የምትነግሩት ሰው እሷን የሚረዳ ብቻ እንደሚሆን ንገሯት። ደጋግማችሁ አትመርምሯት፤ ያለችውን በራሷ ቃል ጽፋችሁ ቀኑን አስፍሩበትና በዚያው ዕለት ለርዕሰ መምህሩና ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አሳውቁ። በአዲስ አበባ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች ሕክምናውን፣ የሕግና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ሕፃኗ ተከሳሹ ፊት ሳትቆም በሌላ ክፍል ሆና ቃሏን የምትሰጥበት የሕፃናት ችሎት አለ። ይህን ለወላጆች ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ የሚፈሩት ልጃቸው ሕዝብ ፊት እንዳትቆም ነውና። ሽማግሌዎች መጥተው «ቤተሰብ እንዳይፈርስ፣ ስሟ እንዳይጠፋ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ በባልና ሚስት ጠብ፣ በወሰን ክርክር ስንት ቤት እንዳቆመ አውቃለሁ። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወንጀል ግን የሽምግልና ጉዳይ አይደለም፤ እናንተም በዚያ ጉባኤ ላይ አትቀመጡ።

በገጠር የምትመደቡ ደግሞ የቀሪ ተማሪዎችን መዝገብ ከወቅቱ ጋር አገናኝታችሁ አንብቡት። በኅዳር አጨዳ የሚቀር ልጅና ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ወራት የምትቀር የአምስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ዓይነት ቀሪ አይደሉም። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ሆኖም ሠርግ የሚቆመው ሕግ ስለ ጠቀሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለአባትየው ፊት የሚከብዱ ሰዎች፣ ማለትም የወላጅ መምህራን ኅብረቱ ሰብሳቢ፣ ቄሱ ወይም ሼኩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የድግሱ ጠላ ሳይጠመቅ በፊት አብረዋችሁ ቤቱ ሲደርሱ ነው። ከጠላው በኋላ መድረስ እጅግ ከባድ ነው።

እኛ ይህን ሥራ የጀመርነው ሠልጥነን አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ እንደገና የተከፈተው በ1990ዎቹ ነው፤ በዚያ መካከል ያለነው መምህራን ከእናቶቻችንና ከዕድር ያየነውን ይዘን ነው የሠራነው። እናንተ ዕውቀቱ አላችሁ። የሚጎድላችሁ ጊዜ ነው፤ አንድ ባለሙያ ለብዙ መቶ ተማሪዎች ይመደባልና ሁሉንም ልትደርሱባቸው አትችሉም። ስለዚህ ሥራውን ለብቻችሁ አትያዙት። ስም ጠሪ መምህራኑን አሠልጥኑ፤ በየወሩ አንድ ሰዓት እየተቀመጣችሁ የሚያሳስቧችሁን ልጆች ስም አንሱ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ማን ምን እንደሚያደርግ ወስኑ፤ በቀጣዩ ወር ስትገናኙም መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ይሁን። ድካሙ ሲበዛባችሁ ደግሞ ለታመነ ባልደረባ ተናገሩ፤ የሰውን ሐዘን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው በሁለት ዓመት ሥራውን የተዉ ጎበዞችን አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝኑኛል።

በሰኔ ትምህርት ሲዘጋም ሥራው አይዘጋም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይዞት የሚሄደው መሸኛና የውጤት ካርድ ብቻ ነው፤ እናንተ ለዓመታት ያወቃችሁት ሁሉ በግቢው ይቀራል። ወላጁን አስፈቅዳችሁ ለተቀባዩ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ደውሉ፤ ባለሙያ ከሌለም ለምክትል ርዕሰ መምህሩ። ስለ ልጁ ማወቅ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ንገሯቸው፤ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ልጁ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ ካልተመዘገበም ለወላጁ ራሳችሁ ደውሉ።