ቦቢ ከሃርነሱ ሾልኮ ያመለጠ ዕለት

ሃርነስ ማለት በአንገት ፈንታ በደረትና በጀርባ የሚለበስ የውሻ ማሰሪያ ነው። ስለ እሱ የሚጠይቅ ይህ ደብዳቤ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ቦቢ የ11 ወር ውሻ ነው። አባቱ ጀርመን ሸፐርድ፣ እናቱ የሐበሻ ናት። 28 ኪሎ ይመዝናል። በአንገት ማሰሪያ ሳወጣው እየሳበ ራሱን ያንቃል፤ ያስለዋል። ‹ሃርነስ ግዢለት፣ መሳቡን ይተዋል› አሉኝና ገዛሁ። ሳሉ ጠፋ። መሳቡ ግን ባሰበት። ማክሰኞ ማታ ደግሞ የሰፈር ውሾች ሲጮሁበት ወደ ኋላ ሸሸና ሃርነሱ በጭንቅላቱ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። አስፋልት ተሻግሮ ነው ያገኘሁት። ወደ አንገት ማሰሪያው ልመለስ እንዴ?»

አትመለሺ። ሳሉ መጥፋቱ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። መሳቡን ያባሰው ገመዱን የምታስሪበት ቀለበት ያለበት ቦታ ነው። የሾለከው ልኩ ስላልሆነ ነው። ሁለቱም ይስተካከላሉ፤ ምናልባትም አዲስ ሳትገዢ።

እኔ ቆዳ ሰፊ ነኝ። አባቴ ኮርቻና ልጓም ይሠራ ነበር። እኔ በቀበቶና በቦርሳ ጀመርኩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ይዞ የሚወጣ ሰው እየበዛ ሲመጣ የውሻ ማሰሪያ መስፋት ያዝኩ። ስለዚህ ሐኪም አይደለሁም። ጠፍር የት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ግን አውቃለሁ።

እስቲ ጣትሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊና ምራቅሽን ዋጪ። የሚንቀሳቀሰው ነገር ይሰማሻል። ቦቢም የአየር ቧንቧው እዚያው ነው፣ ከቆዳው ሥር ብዙም ሳይርቅ። ቧንቧው ቀለበት ቀለበት ነው፤ ቀለበቶቹ ከለስላሳ አጥንት የተሠሩ ናቸው፤ ሙሉም አይደሉም፣ በጀርባ በኩል ክፍት ናቸው። ጠፍር ሲጫናቸው ይጠባሉ። ያ ደረቅ ሳል ከዚያ የሚመጣ ነው። እዚያው አካባቢ ወደ ጭንቅላት የሚወጡና የሚመለሱ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ፤ በሰው እንቅርት የሚያወጣው ዕጢም ውሻ ላይ ያለው እዚያው ነው። 28 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ድመት አይቶ ሲወረወር ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ሁለት ጣት በማይሞላ ጠፍር ላይ ነው።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ደንበኛ አለኝ፤ ጥናቶቹን ያስረዳኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በ26 ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። በአንገት ማሰሪያ ሲስቡ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ አለ። በሃርነስ ሲስቡ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የውሻ አንገት አስመስለው ሠርተው ሰባት ዓይነት የአንገት ማሰሪያና አንድ ሸምቀቆ ገመድ ሞከሩበት። ስፋታቸውም አሠራራቸውም የተለያየ ነበር። ገመዱ በኃይል ሲሳብ ወይም ሲነጠቅ «ይኼኛው አንገት አይጎዳም» ሊባል የሚችል አንድም አልተገኘም። እኔ ይህን እስክሰማ ድረስ «ሰፋ አድርጌ፣ ስፖንጅ አግብቼ ከሰፋሁት ችግር የለውም» እያልኩ ስሸጥ ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ መሳቡ። በሬ ቀንበር የሚሸከመው በጫንቃው ነው እንጂ በጉሮሮው አይደለም። የጋሪ ፈረስም የሚስበው በደረቱና በትከሻው ነው። በበረዶ አገር ሸርተቴ የሚጎትቱ ውሾች የሚለብሱትም ሃርነስ ነው። ለምን? ሳይታነቁና ሳይታመሙ ሙሉ ጉልበታቸውን እንዲያወጡ ነዋ። የገዛሽው ሃርነስ ቀለበቱ ጀርባው ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከአጻጻፍሽ እንደዚያ ይመስለኛል፣ ቦቢን ጋሪ አስገጥመሽዋል ማለት ነው። ጋሪው አንቺ ነሽ። «ሃርነስ መሳብ ያስተዋል» ያለሽ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ።

ለሚስብ ውሻ የሚያስፈልገው ደረቱ ላይም ቀለበት ያለው ነው። ገመዱ ከፊት ሲታሰር ውሻው በተወረወረ ቁጥር ደረቱ ወደ ጎን ይዞርና ፊቱ ወደ አንቺ ይመለሳል። ጉልበቱን ወደፊት ማሰለፍ አይችልም። ያለሽን ሃርነስ አገላብጠሽ እዪው። አንዳንዱ ደረቱ ላይ ሰው የማያስተውላት ትንሽ ቀለበት አለችው። ከሌለው ቆዳ ሰፊ ጋ ወስደሽ ደረቱ መሀል ላይ በሚገናኙት ጠፍሮች ላይ ቀለበት ማስገባት ይቻላል፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። በፊቱ ቀለበት ግን አታስሩጪው፤ ረጅም ገመድም አታስሪበት። በሩጫ ላይ እያለ ድንገት ቢዞር ትከሻውን ይጎዳል። ከተቻለሽ በሁለቱም ጫፍ መንጠቆ ያለው ገመድ አሠሪ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጀርባ።

ቀለበት ካነሳን አንድ ነገር ልንገርሽ። ቀለበቱን አዙሪና መጋጠሚያውን ፈልጊ። በጥፍርሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊው። ጥፍርሽ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ሽቦ ታጥፎ የተገጣጠመ ብቻ ነው፤ አልተበየደም። እንዲህ ያለው በዝግታ ይከፈታል፤ የሚለቀው ደግሞ ውሻው በጣም በሳበበት ደቂቃ ነው። ገበያ ላይ ከሚመጡልኝ ርካሽ ሃርነሶች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ይኼ ነው። የፕላስቲክ መቆለፊያውንም ተመልከቺ። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ቀለሙ ነጣ ይልና ሲጫኑት ይንቋቋል። ያን ጊዜ አውጥተሽ ጣዪው።

የመሾለኩ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። ቦቢ ሲፈራ ወደፊት አልሄደም፤ ወደ ኋላ ነው የሄደው። ውሻ ጭንቅላቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ሲሳብና አንቺ ወደፊት ስትስቢ ትከሻው ይሰበሰባል፣ ክርኑ ይታጠፋል፣ ላላ ያለ ሃርነስ እንደ ሹራብ ይወልቃል። ጠባብ ጭንቅላትና ጥልቅ ደረት ያለው ውሻ ላይ ይኼ ይብሳል።

የልብስ ሰፊ ሜትር አምጪ። ቦቢ በአራት እግሩ ቆሞ ሁለት ልኬት ውሰጂ። አንዱ የአንገቱ ሥር ነው፤ አንገቱ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት፣ የአንገት ማሰሪያ ከሚያርፍበት ዝቅ ብሎ። ሁለተኛው የደረቱ ዙሪያ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ። ሃርነሱ ሲለበስ የደረቱ ጠፍር ከብብቱ ኋላ አራት ጣት ያህል ርቆ ይረፍ። ከተጠጋ ብብቱን ይልጠዋል። በጠፍሩና በገላው መካከል ሁለት ጣት ጠፍጠፍ ብሎ ይግባ፤ ሦስት ከገባ ላልቷል። ጸጉሩ እንዳያታልልሽ፤ ጣትሽን ከጸጉሩ ሥር ስደጂ። የፊቱ ክፍል ደግሞ ትከሻውን በአግድም የሚሻገር ሳይሆን የደረቱ አጥንት ላይ እንደ ቪ ወርዶ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ቢሆን እመርጣለሁ። እውነቱን ለመናገር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ሁለቱም ዓይነት ውሻ ሲራመድ ትከሻው ወደፊት የሚዘረጋበትን መጠን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሰውም ቦርሳ ተሸክሞ አረማመዱ ትንሽ ይለወጣል። የእኔ ምርጫ አግድሙ በቀላሉ ወደ ጉሮሮ ስለሚንሸራተት ነው።

ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ፈትኚው። ፊት ለፊቱ ቁሚ፤ ገመዱን ያዢና በጉበት ቁራሽ እያባበልሽ ቀስ ብለሽ ወደ አንቺ ሳቢ። ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጠፍሩ ጆሮው ጋ ከደረሰ ልኩ አይደለም። መንገድ ላይ ከምታውቂው እዚያ እወቂው።

አሁንም የሚሾልክ ከሆነ ሁለት መላ አለ። አንደኛው ሦስተኛ ጠፍር ነው። ከደረቱ ጠፍር ኋላ፣ ወገቡ መቅጠን በሚጀምርበት፣ ሌላ ጠፍር ይጨመራል። ወደ ኋላ ሲሳብ ያ ጠፍር ሰፊውን የጎድን አጥንቱን ማለፍ አይችልም። ለፈሪ ውሻ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሁለተኛው ርካሹ ነው፦ 15 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አጭር ጠፍር፣ በአንድ ጫፍ ሃርነሱ ላይ፣ በሌላው ጫፍ የአንገት ማሰሪያው ላይ የምትያያዝ። ዘወትር ላላ ብላ ትንጠለጠላለች። ሃርነሱ ከወለቀ ግን ውሻው እጅሽ ላይ ይቀራል።

አዎ፣ የአንገት ማሰሪያው አይጣል። ስልክ ቁጥርሽ የተጻፈበት ምልክት የሚንጠለጠለው እዚያ ነው። ላላ ያለ፣ ቀላል፣ ዘለበቱ የማይቆረቁር ይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን የሚያሳይ ምልክት ካለውም አብሮ ይንጠልጠል፤ ሰፈር ውስጥ ያልታወቀ ውሻ ሲሮጥ ሰው ድንጋይ ነው የሚያነሳው።

ልኩም ቀለበቱም ቢስተካከል ቦቢ በአንድ ቀን ጨዋ አይሆንም። ብዙ ደንበኞቼ እዚህ ላይ ነው የሚናደዱብኝ። መሳብ የሚጀመረው መንገድ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው። ሃርነሱን አልብሺው፣ በሩን ክፈቺ፤ ከተወረወረ ዝጊ። አሥር ጊዜ ቢሆንም ዝጊ። ተረጋግቶ ሲያይሽ ነው የምትወጡት። መንገድ ላይ ገመዱ ሲወጠር ቁሚ። አትንጠቂው፣ አትጩሂበት፣ ዝም ብለሽ ቁሚ። ገመዱ ሲላላ ቁራሽ ስጪውና ቀጥዪ። የመጀመሪያው ሳምንት ከቤትሽ እስከ ሱቁ ሃያ ደቂቃ ሊፈጅብሽ ይችላል። ጎረቤት «ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ?» ይላል። ይበል። ቁራሹ የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጉበት ቢሆን ሸጋ ነው፤ በጾም ወራት ሉካንዳው ከመዘጋቱ በፊት ገዝተሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪ።

የሰፈር ውሾቹን በሩቁ ነው መቅደም። የቦቢ ጆሮ ቀጥ፣ አፉ ግጥም ያለ ጊዜ አይቷቸዋል ማለት ነው። ያኔውኑ ዙሪና በሌላ ቅያስ ሂዱ። አጠገባቸው ከደረሳችሁ በኋላ ምንም ማሰሪያ አያስተምረውም፤ ሥራው መያዝ ብቻ ይሆናል።

ከጽሑፍሽ ባይኖርም የምጠረጥረውን ልጨምር። ሃርነሱን ለብሶ ግቢ ውስጥ ታስሮ ይውላል? ከሆነ ተዪ። ሃርነስ የመንገድ ልብስ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲለበስ ብብቱ ይላጣል፤ በክረምት ደግሞ ረጥቦ ከሥሩ ቆዳው ይቆስላል። ከመንገድ ስትገቡ አውልቂውና ብብቱን በእጅሽ ዳብሺ። ጸጉሩ የሳሳበት ወይም የሞቀ ቦታ ካገኘሽ ጠፍሩ እየፈተገው ነው። ራሴን እየጎዳሁ ልንገርሽ፤ ለብብት በኩል ከቆዳ ይልቅ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የናይለን ጠፍር ይሻላል። ቆዳ ዝናብ ከመታው በኋላ ይደርቃል፣ ጠርዙ ስለት ይሆናል። የእኔን ቆዳ ለገመድ እጀታ ግዢኝ፤ መዳፍ አያቃጥልም።

ጎረቤትሽ ትንሽ ውሻ ካላት፣ ፑድል ወይም ቺዋዋ ዓይነት፣ ይህን ንገሪያት፦ ለእነዚያ ሃርነስ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። የአየር ቧንቧቸው በቀላሉ የሚደፈጠጥ ዘሮች ናቸው። ሳሉ እንደ ዝይ ጩኸት ከሆነ ደግሞ ቆዳ ሰፊ ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት። ቦቢም ሳሉ ያለ ማሰሪያ ከተመለሰበት እንደዚያው።

የ11 ወር ውሻ ደረቱ ገና ይሰፋል። በየወሩ ያን ሁለት ጣት እያስገባሽ ልኩን እዪ። አዲስ የምታሠሪ ከሆነ ቁጥሮቹን በሳንቲ ሜትር ጽፈሽ ያዢ፤ ከተቻለሽ ግን ቦቢን ራሱን ይዘሽው ነይ፤ ውሻ ሳያይ በቁጥር ብቻ የሚሰፋ ሰው እኔንም ጨምሮ ይሳሳታል። በፊት ያንቀው የነበረው ማሰሪያ ሰንሰለት ከሆነ ደግሞ ለጓሮ በር መዝጊያ አድርጊው፤ ለዚያ ጎበዝ ነው።