አምስቱም ቫወሎች (አናባቢ ፊደሎች) ያሉበት ረጅም ቃል ፍለጋ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው። የእንግሊዝኛ ክበባችን ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ አምስቱም ያሉበት ረጅም ቃል አምጡ ብሎን ዲክሽነሪ ሳገላብጥ ሁለት ቀን ሆነኝ፣ ሌላ ዘዴ የለውም?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ዲክሽነሪውን ከፊት ወደኋላ ማገላበጥ ያደክማል እንጂ አያደርስም። ከቃሉ መጨረሻ ጀምር። እንግሊዝኛ ቃል የሚረዝመው በቅጥያ ነው። ለምሳሌ መጨረሻው ቲ-አይ-ኦ-ኤን ከሆነ አይ እና ኦን አገኘህ ማለት ነው፣ የቀሩህ ሦስት ናቸው። አሁን ኤጁኬሽንን ፊደል በፊደል ጻፈው፦ ኢ-ዲ-ዩ-ሲ-ኤ-ቲ-አይ-ኦ-ኤን። በ9 ፊደል አምስቱም እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ገብተዋል፣ ያውም በየቀኑ የምንለው ቃል!

ረዘም ያለ ከፈለግክ ደግሞ ኩዌስችን (question) የሚለውን ውሰድ፣ የሚጎድለው ኤ ብቻ ነው፣ እሱን ከኋላ ኤብል ጨምረህ ታመጣዋለህ፣ ከፊት አን ስትቀጥልበት አንኩዌስችነብል (unquestionable) ሆኖ 14 ፊደል ይሞላል። እኔ ብሆን ይዤ የምቀርበው ይሄንን ነው፣ እንዴት እንደደረስክበት ማስረዳት ትችላለህና።

ቫወሎቹ በተራቸው ይደርደሩ ካሏችሁ ፌሲሽየስ (facetious) አለ፣ ቦታው የማይፈቅደውን ቀልድ ለሚቀልድ ሰው የሚባል ነው።

ኢንተርኔት ካለህ ዋን ሉክ (OneLook) የሚባል ሳይት ላይ የማታውቀው አንድ ፊደል ቦታ ጥያቄ ምልክት፣ ስንት እንደሆነ ለማታውቀው ደግሞ ኮከብ ምልክት አስገባ፣ የሚስማሙትን ቃላት ያወጣልሃል። ሐረግም ይፈልግልሃል።