ኤችአይቪን ያለ መድኃኒት የሚገቱ ሰዎችን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሐረር የሕክምና ላቦራቶሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። መድኃኒት ሳይወስዱ ኤችአይቪን የሚቆጣጠሩ ሰዎች እንዳሉ ከተማርኩ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው። ወንድሜ ግን ድሬዳዋ ያገኘልኝን የግል ክሊኒክ ሥራ እንድይዝ ይፈልጋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምኞትሽ ቅንጦት አይደለም፤ ወንድምሽም ስለ እንጀራሽ ማሰቡ ትክክል ነው። እኔ የማልስማማው በሥራው ቦታ ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በብዙዎቹ ሲዲ8 የሚባሉት ቲ ሴሎች (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን የመግደል አቅማቸውን ጠብቀው ይቆያሉ። ቫይረሱን መግታት በማይችሉት ሕሙማን ግን እነዚህ ሴሎች ለዓመታት ሲነቃቁ ኖረው ይዝላሉ፤ ፒዲ-1 የተባለው ፕሮቲን የዚህ መዛል ምልክት መሆኑ በኤችአይቪ የታየው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የሚገርመው፣ ቫይረሱን የገቱትም ቢሆኑ ሴሎቻቸው ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ይልቅ የተነቃቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ውሎ አድሮ ቁጥጥሩ ያመልጣቸዋል።

ሆኖም ሙያሽን በእነርሱ ላይ ብቻ አትመሥርቺ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል፤ አገራችንም ይህንኑ ትከተላለች። ለጥናት ተብሎ የማንም ሕክምና አይዘገይም። ይልቅ ጥያቄውን አዙሪው፦ መድኃኒት እየወሰዱ ቫይረሳቸው በምርመራ የማይታይ ሰዎች ሴሎቻቸው ለምን ሙሉ በሙሉ አይረጋጉም? ይህ ለእኛ የተለየ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት፣ ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን እንኳ ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ ሲዲ4 (ኤችአይቪ በዋናነት የሚያጠቃቸው ቲ ሴሎች) እና የበለጠ የተነቃቁ ሴሎች እንዳሏቸው አሳይቷል። ስለዚህ የውጭውን መለኪያ እንዳለ ወስዶ የእኛን ሕመምተኛ መመዘን አይቻልም። የእኛን የሚለካ የእኛ ሰው ያስፈልጋል።

ሥራ ያዢ፤ ግን የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል ይሁን። የሐረሩ ሕይወት ፋና ወይም የድሬዳዋው ድል ጮራ ማስታወቂያ ሲያወጡ ተከታተዪ። ሲዲ4 የሚቆጠርበት ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን የሚለይ ምርመራ) የሴሎች መነቃቃትና መዛልም የሚለካበት ዘዴ ነው፤ ለዚያኛው በሴሉ ላይ የሚጣበቁ ብዙ ባለቀለም ፀረ እንግዳ አካላት ይጨመራሉ። ከናሙና አያያዝና ከጥራት ቁጥጥር ጋር ስታቲስቲክስን በደንብ ተማሪ፤ ብዙ የላቦራቶሪ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ደመወዙ ከክሊኒኩ ሊያንስ እንደሚችል ለወንድምሽ ሳትደብቂ ንገሪው።

ሁለተኛ ዲግሪውን ልምድ ካገኘሽ በኋላ በኢሚዩኖሎጂ (በሰውነት የበሽታ መከላከያ ጥናት) ብትይዢው ይሻላል፤ ያኔ አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አንዱ በር ነው። የመመረቂያ ጥናትሽ ርዕስ ገና ካልጸደቀ ግን በዚህ ሳምንት አማካሪሽን ቢሮ ሄደሽ አነጋግሪ፤ በሕክምና ላይ ባሉ ሰዎች የሲዲ4 ለውጥ ላይ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።