ስለ ዚፕ ድራይቭና ስለ ቆዩ ተነቃይ ዲስኮች፦ ጥያቄና መልስ

ከማተሚያ ቤትና ከቢሮ መጋዘን የወጡ ዲስኮች ይዘው የሚጠይቁ ስለበዙ፣ ጥያቄዎቹን እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ዚፕ ስል የታመቀውን ፋይል ሳይሆን አዮሜጋ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ገበያ ላይ ያዋለውን ባለ 100 ሜጋባይት ተነቃይ ዲስክ ድራይቭና ተከታዮቹን 250 እና 750 ማለቴ ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ዚፕ 100 ከአሜሪካ መጥቶልኝ አዳፕተሩ የለውም። የዋይፋይ ራውተሬ አዳፕተር ጫፉ ልክ ገጠመ። ልሰካው?

መልስ፦ እንዳትሰካው! ጫፍ ገጠመ ማለት ቮልቴጁ ገጠመ ማለት አይደለም። ውጫዊው ዚፕ 100 የሚፈልገው 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ነው። የራውተር አዳፕተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 9 ወይም 12 ቮልት ስለሚሰጥ ቦርዱን ያቃጥለዋል። 5 ቮልት ሆኖ 2 አምፔር ቢሆን ግን ችግር የለውም፤ ድራይቩ የሚበቃውን ብቻ ነው የሚስበው። ፕላስና ማይነሱን ለመለየት መልቲሜትሩን የሚጮኸው ላይ አድርግና አንዱን ጫፍ ከድራይቩ ጀርባ ያለው የዳታ ገመድ መሰኪያ ብረት ላይ ያዝ፣ በሌላው የኃይል ቀዳዳውን መሀልና ዳር ተራ በተራ ንካ። የጮኸው ማይነስ ነው። የራሱ አዳፕተር ቢገኝልህ እንኳ ጀርባውን አንብብ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በኛ 220 ሶኬት አንድ ደቂቃም አይቆይ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ዲስክ ሳስገባ ቋ ቋ ቋ ይላል፣ ከዚያ ምንም አያነብም። ሌላ ዲስክ ሞክሬ ልየው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ ዲስክ እንዳታስገቢ። ያንንም ዲስክ ወደ ሌላ ድራይቭ እንዳትወስጂ። ድምፁ የሚመጣው ድራይቩ በዲስኩ ላይ ያለውን የአቅጣጫ ምልክት አላገኝ ሲል የማንበቢያ ጭንቅላቶቹን መልሶ እያወጣ ደጋግሞ ሲያስገባ ነው። ጥፋቱ የዲስኩ ሊሆን ይችላል፣ የድራይቩም ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ነገር የሚዛመት መሆኑ ነው፦ የተጣመመ ጭንቅላት የዲስኩን ጠርዝ ይቀድዳል፣ የተቀደደው ጠርዝ ደግሞ የሚቀጥለውን ጤነኛ ድራይቭ ጭንቅላት ነቅሎ ይጥላል። አንድ ዲስክ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሞከረ ሰው ሁሉንም ድራይቮች ሊጨርስ ይችላል።

መጀመሪያ ዲስኩን እዪ። የብረት መዝጊያውን በጥፍርሽ ገፋ አድርገሽ ያዢው፤ በሥር በኩል ያለውን ክብ ብረት በጣትሽ ቀስ እያልሽ አዙሪ፤ በስልክ መብራት ቡናማውን ፊልም ዳር ዳሩን ዙሪያውን ተከታተዪ። ፊልሙን ራሱን አትንኪው። ጭረት፣ እጥፋት ወይም እንደ ጥርስ የተበላ ነገር ካየሽ ዲስኩን ለይተሽ ምልክት አድርጊበት። ቀጥሎ ድራይቩን ከኃይል ነቅለሽ የፊቱን በር ክፈቺና መብራት አብሪበት። ሁለቱ ትናንሽ ጭንቅላቶች ትይዩ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ወይም ከተንጋደደ ድራይቩ አበቃለት። ሁለቱም ደህና ከመሰሉ ብቻ፣ ቢጠፋ በማይቆጭሽ ባዶ ዲስክ ሞክሪው። ደካማ አዳፕተርም ይህንኑ ድምፅ ስለሚያመጣ ዲስኩ ሲሽከረከር 5 ቮልቱ መውረድ አለመውረዱን ለኪ። የፍሎፒ ማጽጃ ዲስክ ግን ጭራሽ አታስገቢ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ዲስኩ ስፒከር አጠገብ ሲቀመጥ ኖሯል። ፎርማት ባደርገው ይመለሳል?

መልስ፦ ማግኔቱ ጠንካራ ከነበረ አይመለስም። የአቅጣጫ ምልክቱ የሚጻፈው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ድራይቩ ራሱ መልሶ መጻፍ አይችልም።

ጥያቄ (ከዱከም)፦ ገመዱ 25 ፒን ነው፣ ፕሪንተር ፖርት ላይ ሰካሁት፣ ኮምፒዩተሩ አላየውም።

መልስ፦ ድራይቩ ስካዚ (SCSI፣ ዲስኮችን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያያይዝ የቆየ ዓይነት ግንኙነት) እንዳይሆን! ስካዚውም በፕሪንተር ፖርት የሚሠራው ፓራለሉም 25 ፒን ነው የሚጠቀሙት። ጀርባው ላይ 5 እና 6 የሚል መምረጫና የተርሚኔሽን ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ስካዚ ነው፤ ከፕሪንተር ፖርት ወዲያው ንቀለው፣ ሊጎዳ ይችላል። የሚሄደው ከቆየ ማክ ወይም ስካዚ ካርድ ካለው ማሽን ጋር ነው። በተከታታይ ከተያያዙት የስካዚ መሣሪያዎች መጨረሻው እሱ ከሆነ ተርሚኔሽኑን (የመስመሩን መዝጊያ) አብራው። ፓራለል ከሆነ ባዮስ ገብተህ የፖርቱን አሠራር ኢፒፒ (EPP) የሚለው ላይ አድርገው፤ ዶስ ላይ አዮሜጋ ራሱ ያወጣውን ገስት የሚባል ፕሮግራም ስታስነሳው የድራይቭ ፊደል ይሰጥሃል። ከዩኤስቢ ወደ ፕሪንተር በሚቀይር ገመድ ግን አትድከም፤ ለፕሪንተር ብቻ የተሠራ ነው።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ዩኤስቢ ዚፕ ሊኑክስ ላይ ይታያል፣ ዲስኩ ግን አይከፈትም።

መልስ፦ አንደኛውን ክፍልፍል እየፈለግክ ይሆናል። የዚፕ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ ፋይሎቹ ያሉት አራተኛው ላይ ነው። ማክ ላይ የተሠራ ከሆነ ፋይል ሲስተሙ የማኩ ኤችኤፍኤስ (HFS) ነው፤ ዊንዶውስ ላንብበው ሲል «ፎርማት ላድርገው?» ይልሃል፣ እሺ እንዳትለው። ለማንኛውም ፋይል በፋይል ከመቅዳትህ በፊት ዲዲሬስኪዩ (ddrescue) በሚባል ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ ወደ አንድ ፋይል ገልብጠው፣ 100 ሜጋባይት ምንም አይደለም። በመጀመሪያው ዙር ድጋሚ ሙከራውን አጥፋው፤ የተበላሸ ቦታ ላይ መደጋገም ጭንቅላቱንም ፊልሙንም ያሻክራል።

ጥያቄ (ከሰበታ፣ ሌላ ጠያቂ)፦ የ100 ዲስክ በ750 ድራይቭ ይሠራል ወይ?

መልስ፦ ያነባል፣ አይጽፍም። 250ው ግን ይጽፋል፣ ቀስ እያለ።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ጋሼ፣ ከማተሚያ ቤት የወጡ የአማርኛ ፋይሎች ተቀዱልኝ፤ ሲከፈቱ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ናቸው። ተበላሽተው ነው?

መልስ፦ አልተበላሹም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲኑ ኮድ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ጽሑፉ በምን እንደተጻፈ ፈልግ፦ ቪዥዋል ግዕዝ ነው፣ ፓወር ግዕዝ ነው፣ አጋፋሪ ነው? ያንኑ ፎንት ጭነህ ክፈተው። አንዱ የሌላውን አያነብም። ዋናውን ፋይል በአዲስ ወርድ ከፍተህ ሴቭ አታድርግ፤ የፎንቱ ስም ከተለወጠ መነሻው ይጠፋብሃል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የሳይክዌስት 44 ሜጋባይት ካርትሪጅና ድራይቭ አግኝቻለሁ። ከፍታችን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ሳይክዌስቱም ተነቃይ ዲስክ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ዚፕ ለስላሳ ፊልም ሳይሆን ደረቅ የሃርድ ዲስክ ሳህን ነው፤ ጭንቅላቱ በአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል፣ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ሃርድ ዲስኮች በአብዛኛው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ እንዲሠሩ ነው የሚሠሩት፤ እናንተ ከዚያ በታች ናችሁ። ከከፍታው ይልቅ አቧራውን ፍራ። ካርትሪጁን ከከረጢት አውጥተህ ወዲያው አታስገባ፤ ውጪውን ጥረግ፣ በሩንም አትክፈተው። ክረምት ላይ ከቀዝቃዛ መጋዘን ከመጣ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ፣ ካልሆነ ሳህኑ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ መብራት ሄዶ ዲስኩ ዚፑ ውስጥ ቀረ። ቁልፉን ብጫን አይወጣም።

መልስ፦ ቁልፉ ያለ ኃይል አይሠራም። መብራት ሲመጣ ይወጣል። መጠበቅ ካልቻልክ አዳፕተሩን ንቀልና መሽከርከሩ እስኪቆም ጠብቅ። ከዚያ የወረቀት ክሊፕ ቀጥ አድርገህ በጀርባው ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀስ ብለህ ግፋ። ዲስኩ ወደ ፊት ብቅ ሲል በእጅህ ሳበው። መብራቱ እየሄደ እየመጣ ካስቸገረ ግን እስኪረጋ አዳፕተሩን ከሶኬት ነቅለህ ተወው።